ሻማውን የያዘው እጅ

ጋሽ ዘለቀ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። የእህቱ ልጅ ከሳንሱሲ ደውሎ፣ «ስልክዎን ያገኘሁት ዛሬ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ የብየዳ መነጽሬን እንደያዝኩ ቆምኩ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። ፍርሃት ነው የመጣብኝ። ይህን ለአቶ አስናቀ ማን ይነግራቸዋል?

አቶ አስናቀ አከራዬ ናቸው። ኮልፌ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ባለ ሦስት ፎቅ የእሳቸው ነው፤ ከፎቁ ጎን የተደረደሩት የቆርቆሮ ክፍሎችም የእሳቸው ናቸው። ከእነዚያ በአንዱ ውስጥ እኔ በርና መስኮት እበይዳለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የጋሽ ዘለቀ ፀጉር ቤት ነበር። እሱ ከወጣ ወዲህ ክፍሉ እንደተቆለፈ ነው። ኮልፌ ላይ መንገድ ዳር ያለ ክፍል ባዶ አያድርም፤ አንዱ ዕቃውን ሲያወጣ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አቶ አስናቀንም ስንቱ ለምኗቸዋል፤ ለሞባይል ጥገና፣ ለጁስ ቤት፣ ለልብስ መሸጫ። መልሳቸው አንድ ነው። «ሰው አለበት» ይላሉ። ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት።

እንግዲህ ያ ሰው ሞቷል።

ጋሽ ዘለቀ ቁመቱ አጭር ነበር። ረጅም ደንበኛ ሲመጣበት የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቆምበታል፤ በዚህም አያፍርም። «እኔ ሳጥን ላይ እወጣለሁ፣ አንተ አንገትህን ትደፋለህ፤ መሀል ላይ እንገናኛለን» ይላል። ማበጠሪያውን እፍ ሳይልበት የሰው ፀጉር ውስጥ አያስገባም። ሲያስብም፣ ሲያፍርም፣ ሲናደድም ማበጠሪያውን እፍ ይላል። ከንግግሮቹ ሁሉ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ያለው ይህ ነው፦ «ፀጉር አስተካካይ ፊት ንጉሥም አንገቱን ይደፋል። ሲነሳ ግን ንጉሥ ነው። ይህን የረሳ ፀጉር አስተካካይ ጦሙን ያድራል።»

እኔን «የኔታ» ይለኝ ነበር። አስተምሬ አላውቅም፤ ራሴም ከአራተኛ ክፍል በላይ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አልተማርኩም። የቀረውን ከተዋስኩት መጽሐፍና ከተጣለ ጋዜጣ ነው የለቀምኩት። በዚህ ምክንያት ይሁን በተፈጥሮዬ፣ ሰው ሲሳሳት እያየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ወጣቱ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ሲያልፍ እናገራለሁ። ጎረቤት ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ ሲጥል እናገራለሁ። ጋሽ ዘለቀ ይህን አይቶ ስም አወጣልኝ፤ ስሙም በሰፈሩ ቀረ።

ስለ ተረት ያለኝ አቋምም የታወቀ ነበር። ልጄን ሰላምን ያሳደግኳት በቁም ነገር ነው። ያልነበረ አገርና ያልተፈጠረ ፍጡር እያወሩ መዋል የሥራ ፈት ሥራ ነው እል ነበር። ዛሬም ግማሹን አምናለሁ።

ነገር ግን መብራት ይጠፋል።

የእኔና የጋሽ ዘለቀ ክፍል በአንድ ቆጣሪ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የእኔ ብየዳም የእሱ ማሽንም ይቆማል። የእኔ በር ሳይበየድ ቢያድር ምንም አይለኝም፤ እሱ ወንበር ላይ ግን ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ፣ ግማሹ ያልተነካ ሰው ይቀራል። እንዲያ ሆኖ አስፋልት ላይ የሚወጣ የለም። ሰውየው መብራት እስኪመጣ ይቀመጣል፤ ተራ የሚጠብቁትም ተሰላችተው እንዳይሄዱ ጋሽ ዘለቀ ያወራል። ተረቱ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ደንበኛ ለማቆየት። እየቆየ ሕግ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም ብቻ ነው የሚያወራው። መብራት እያለ ቢለምኑት «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ቃሉን መሀል ላይ ቆርጦ ማሽኑን ያስነሳል።

ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ፤ አየር እንዲገባ ሁልጊዜ ወደ ጎን ታስሮ ነው የሚውለው። መብራት ሲጠፋ ጋሽ ዘለቀ ሻማ ያበራና በእጁ ይይዘዋል።

ተረቱ ስለ አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር የሰው ክብር የሚለካው በጥላው ነው። ማታ ማታ ሹማምንቱ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ጥላው ግድግዳው ላይ የረዘመ ከላይ ይቀመጣል፣ ያጠረ ወደ በሩ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ኮቶር የሚባል ግዙፍ ጌታ አለ፤ ጥላው ግድግዳውን ጨርሶ ጣሪያው ላይ ይታጠፋል። መብራቱን የሚይዝለት ፍንጣሪ የሚባል፣ ከኮቶር ጉልበት የማያልፍ ሰው ነው። ፍንጣሪ መብራቱን ዝቅ አድርጎ ሲያስጠጋው የኮቶር ጥላ ይገዝፋል። ከፍ ሲያደርገው ያጥራል። ኮቶር ይህን ያውቃል። ፍንጣሪም ያውቃል። አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩበትም።

«ታዲያ ለምን አይገድለውም?» አለ አንድ ቀን ከደንበኞቹ አንዱ፣ ባለ ታክሲ ነው፣ ጺሙ ግማሽ እንደተላጨ።

«መብራቱን ለሌሎች ሰጥቶ ሞክሮ ነበር» አለ ጋሽ ዘለቀ። «ኮቶር አጠገብ ሲቆሙ የሁሉም እጅ ይንቀጠቀጣል። እጅ ሲንቀጠቀጥ መብራቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ የጌታው ጥላ ግድግዳው ላይ እንደ ፈሪ ሰው ይርበተበታል። እጁ የማይንቀጠቀጠው ፍንጣሪ ብቻ ነው።»

«ኮቶርን ስለማይፈራ?»

«ማን አለህ? ከሁሉም በላይ ይፈራዋል። ያስተማረው እጁን ነው፤ ልቡን አይደለም።»

እንግዲህ የሁለቱ ትግል ይህ ነበር። በየጨለማው አንድ ነገር ይጨመራል። ኮቶር ፍንጣሪን ለማዋረድ ተንበርክኮ መብራት እንዲይዝ ያዘዋል። ፍንጣሪ ሲንበረከክ መብራቱ አብሮት ይወርድና የኮቶር ጥላ ከመቼውም ይበልጥ ይገዝፋል። ኮቶር ደስ ይለዋል። በማግስቱ ግን ያንን ግዝፈት ያለ ፍንጣሪ ጉልበት እንደማያገኘው ይገባዋል፤ ሌላው ቀርቶ ፍንጣሪ ጉልበቱን እንዳያመው ምንጣፍ ያስነጥፍለታል። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲያወራ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጥላ በሻማው ያስረዝመዋል፣ ያሳጥረዋል። ሰው ይስቃል፤ የተቀመጠውም አብሮ ይስቃል።

እኔም ቤት ገብቼ እራት ላይ፣ «ይኼ ዘለቀ ዛሬ ያወራውን ከንቱ ነገር ብትሰሙ» እያልኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናገረው ነበር። ሰላም ከትምህርት ቤት ስትመጣ ስለ ሥራዬ አትጠይቀኝም። «አባዬ፣ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነበር?» ነው የምትለው።

«ከቁም ነገር ጋር ብትውይ ይሻልሻል» አልኳት አንድ ቀን።

«አንተ ነህ እኮ የምትነግረኝ» አለችኝ።

አቶ አስናቀ ክፉ ሰው አይደሉም። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው፣ ቆርቆሮ በጫንቃቸው ተሸክመው እየሸጡ ነው እዚህ የደረሱት። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ድንኳኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ድሃ ሲሞት ከማንም ቀድመው የሚገኙትም እሳቸው ናቸው። ብቻ፣ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ካልተነሳላቸው ልባቸው አይረጋም። መቶ ሰው ተነስቶ አንድ ሰው ቁጭ ካለ፣ ያንን አንዱን ሲያስቡ ነው የሚውሉት። እኔ ይህን የማውቀው ከጎናቸው ስለተቀመጥኩ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ መጡ። ግማሹ እንደተቆረጠ መብራት ጠፋ። ብየዳዬን አስቀምጬ ወደ ፀጉር ቤቱ ስገባ፣ ነጭ ጨርቅ እንዳጠለቁ፣ በቀኝ በኩል ተከርክመው በግራ በኩል ጎፈሬያቸው ቆሞ አገኘኋቸው። ተነስተው መሄድ አይችሉም።

«እስቲ ያንን ተረትህን እንስማው» አሉት። «ሰው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው።»

ጋሽ ዘለቀ ሲያመነታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «መብራቱ አሁን ይመጣል፣ ጋሽ አስናቀ።»

«አውራ እንጂ። ወይስ ለእኔ ሲሆን ክልክል ነው?»

አወራ። ተረቱ የደረሰው ኮቶር በሹማምንቱ ፊት ፍንጣሪን የሚሰድብበት ቦታ ላይ ነበር። ኮቶር «አንተ ከእግሬ ስር የምትርመሰመስ ትል» ሲለው፣ ፍንጣሪ «እውነት ነው ጌታዬ» ብሎ፣ ስድቡን በደንብ ለመስማት እንደፈለገ ሰው መብራቱን ከፍ ያደርጋል። ጋሽ ዘለቀም እጁ እንደለመደው ሻማውን ከፍ አደረገ። የአቶ አስናቀ ጥላ፣ በአንድ ወገኑ ጎፈሬ ያለው ያ ትልቅ ጥላ፣ ከግድግዳው ወርዶ ወንበሩ ስር ገባ።

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አቶ አስናቀ በመስተዋቱ ውስጥ እያንዳንዳችንን አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይኔን ወደ ወለሉ አወረድኩ።

መብራት መጣ። ጋሽ ዘለቀ የቀረውን ግማሽ በዝምታ ቆረጠ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ «ሆን ብለህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ማበጠሪያውን ደጋግሞ እፍ አለ። «እጄ ነው ያደረገው» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «እጄም ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ የኔታ» አለ።

ብዙ ሳይቆይ አቶ አስናቀ ከእድር ስብሰባ በኋላ አስቀሩኝ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቁ።

«ሙሉጌታ፣ አንተ ቁም ነገረኛ ሰው ነህ። ተረት እንደማትወድ አውቃለሁ።»

«እውነት ነው ጋሽ አስናቀ።»

«ታዲያ እዚያ ምን ስታደርግ ነበር?»

መልሴን አልጠበቁም።

«ለዘለቀ ንገረው» አሉ። «ያ ተረት ይለቅ። ሲያልቅም ትልቁ ትልቅ እንደሆነ ይለቅ። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ያን ቀን የሳቁት ባሉበት እሰማዋለሁ። የክፍሉ ውል መስከረም ላይ ያልቃል፤ ያውቀዋል። ያንተም መቼ እንደሚያልቅ አንተ ታውቃለህ።»

ያን ሰሞን እንጀራ አልዋጥልህ አለኝ። ጋሽ ዘለቀ ሌላ ሙያ የለውም። በዚያ ዕድሜ ክፍል ለቆ፣ ደንበኛ ከዜሮ ማፍራት ማለት ምን እንደሆነ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ያውቃል። ደግሞም ክፍሌ ከክፍሉ ጋር በአንድ ቆጣሪ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ሰው ቃል ላይም ነበር። መልእክቱን ስነግረው የራሴንም ምክር ጨመርኩበት።

«ተረት እኮ ነው፣ ጋሽ ዘለቀ። ኮቶር ቢያሸንፍ ማን ይጎዳል? ያልነበረ ሰው ያልነበረ ሰውን ቢያሸንፍ፣ አንተ ክፍልህ ውስጥ ትቀመጣለህ።»

«ያንተ ውል መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

«ጥር ላይ።»

«እህ» አለ፤ አልተቀየመኝም። ሳጥኑን ገልብጦ ተቀመጠበት። «ስማኝ፣ የኔታ። ትልቅ ሰው የሚፈራው መሸነፍን አይደለም። ከትንሽ ሰው ጋር ሲታገል መታየትን ነው። ኮቶር ከሌላ ጌታ ጋር ጦር ቢገጥምና ቢሸነፍ ይዘፈንለታል። ከመብራት ያዡ ጋር ተጣላ ሲባል ግን፣ ቢያሸንፍም ያፍራል።»

«ትንሽ ሰውስ ምን ይፍራ?»

«ትንሽ ሰው ማሸነፍን ይፍራ» አለ። «ካሸነፈ በኋላ የት ይገባል?»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«መብራት ይጥፋና እናያለን።»

መብራት ግን አልጠፋም። ክረምት ነው፤ ሌላ ጊዜ ሦስት ጠብታ ዝናብ ሲወርድ የሚጠፋው መብራት፣ ሰማዩ ሲያጓራም አልጠፋም። አቶ አስናቀ በየሁለት ቀኑ ጺማቸውን ሊላጩ ይመጣሉ። ላዩ የሚላጭ ነገር የሌለው አገጭ እስኪቀላ ይላጫል። እሳቸው አምፖሉን ያያሉ፣ ጋሽ ዘለቀ አገጫቸውን ያያል፣ እኛ ሁለቱን እናያለን። ባለ ታክሲው፣ «መብራት እንዲጠፋለት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስለት የተሳለ ሰፈር የእኛ ብቻ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። እኔ እየበየድኩ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ብየዳውን አቁሜ ወደ ፀጉር ቤቱ አያለሁ። ሰላም «አባዬ፣ ዛሬስ?» ስትለኝ እቆጣታለሁ። ነሐሴ አለቀ። ጳጉሜ ገባ።

በጳጉሜ አንድ አመሻሽ ላይ በር እየበየድኩ ሳለ ጠፋ።

መነጽሬን አውልቄ ወጣሁ። ያካፋል። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ቁርስ ቤት አምፖሉ በርቷል። ከጎኑ ያለው ሱቅ በርቷል። የፎቁ መስኮቶችም በርተዋል። የጨለመው የእኔና የጋሽ ዘለቀ ክፍል ብቻ ነው። ቆጣሪያችን ከፎቁ ደረጃ ስር ነው ያለው፤ አቶ አስናቀ ከዚያ እጃቸውን በመሀረብ እየጠረጉ ወጡ። አዩኝ። አየኋቸው። ምንም ሳይሉኝ አልፈው ወደ ፀጉር ቤቱ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ።

ውስጥ ያን ቀን የነበሩት አብዛኞቹ ነበሩ። ባለ ታክሲው ጺሙ ግማሽ እንደሆነ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ጋሽ ዘለቀ ሻማውን አበራ። ያን ጊዜ ባለ ታክሲው በበሩ ወደ ውጭ አየና፣ «ማዶ እኮ በርቷል» አለ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። የቁርስ ቤቱ ብርሃን እርጥብ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ሁሉም ገባው። ክፍሉ ውስጥ የሻማው ክር ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። አስናቀ ተረት ለመስማት ቆጣሪ አጠፉ የሚለው ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ታየኝ፤ ጠዋት ታክሲ ተራ፣ ከሰዓት እድር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። የአቶ አስናቀ አንገት ላብ አወጣ። ጋሽ ዘለቀ አንዲት ቃል ብቻ ቢል በቂ ነበር። እንዳይላት ፈራሁ። አልዋሽም፤ እንዲላትም ፈለግሁ።

ጋሽ ዘለቀ ወደ በሩ ሄደ። ሁልጊዜ ታስሮ የሚውለውን መጋረጃ ፈታና ለቀቀው። የማዶው ብርሃን ጠፋ።

«ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል» አለ። «ዝናብ ሲጥል እንዲህ ነው።» ከዚያ ወደ ባለ ታክሲው ዞሮ፣ «አንተ ደግሞ ዓይንህን ታየው። ሰው ጭነህ ነው እኮ የምትነዳ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ በባለ ታክሲው ላይ ሆነ፤ እሱም ገብቶት አብሮ ሳቀ። አቶ አስናቀ በመስተዋቱ ውስጥ ጋሽ ዘለቀን አዩት። ገደል አፋፍ ላይ ያዳለጠው ሰው፣ እጁን ለቀም አድርጎ የያዘውን ሰው የሚያይበት አስተያየት ነበር። ምስጋና አልነበረበትም።

«በመጨረሻው ማታ» አለ ጋሽ ዘለቀ፣ «ኮቶር ከዙፋኑ ተነሳ። ሹማምንቱ ሁሉ እያዩ ወደ ፍንጣሪ መጣ። ‹ጥላዬ በአንተ እጅ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?› አለው። ፍንጣሪም ‹ጌታዬ፣ እኔ መብራት ያዥ ነኝ፤ ጥላው የእርስዎ ነው› አለ። ኮቶር መብራቱን ከእጁ ወሰደ። ፍንጣሪ አልታገለም። ‹ሂድ› አለው። ፍንጣሪም በሩን ዘግቶ ወጣ። አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ሰገደ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ከኮቶር በላይ ማንም አልነበረም። ኮቶር አሸነፈ።»

«በቃ?» አለ ባለ ታክሲው ቅር ብሎት።

«ትንሽ ቀርታለች።» ጋሽ ዘለቀ ሻማውን ፊት ለፊቱ ያዘ፤ የራሱ ጥላ ከኋላው ግድግዳ ላይ ቆመ። «መብራት በእጁ የያዘ ሰው ጥላው ከኋላው ነው የሚወድቀው። ኮቶር የሌላውን ሁሉ ጥላ ያያል፤ የራሱን ግን ማየት አልቻለም። አሁንም ረጅም ነው ወይ ብሎ ይዞራል። ሲዞር መብራቱ አብሮት ይዞራል፣ ጥላውም ይዞራል። ሹማምንቱን ‹እንዴት ነው?› ይላቸዋል፤ ‹ታላቅ ነው ጌታዬ› ይሉታል። እነሱን አምኖ መቀመጥ አልቻለም። እንዲህ ሲዞር ይነጋበታል።»

አንድ ጊዜ ሻማውን እንደያዘ ዞረ። ከዚያ ሻማውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

አቶ አስናቀ፣ «ፍንጣሪስ የት ሄደ?» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«አላውቅም ጋሽ አስናቀ። በሩን ዘግቶ ወጣ።»

ተነስተው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣ። «መጣ» ተባለ፤ ማንም ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ጋሽ ዘለቀ መጋረጃውን መልሶ አሰረና የባለ ታክሲውን ግማሽ ጺም ላጨ።

በማግስቱ አቶ አስናቀ ጠርተውኝ፣ «ውሉ ታድሷል በለው፤ እስከፈለገው ድረስ ይቀመጥ» አሉኝ። እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ጋሽ ዘለቀ ምላጮቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር።

«አመሰግናለሁ በልልኝ። ግን እሄዳለሁ።»

«ለምን? አሸነፍክ እኮ!»

«እሱ ነው ችግሩ» አለ። «አከራይ የሰደበውን ተከራይ ይቅር ሊል ይችላል። ያዘነለትን ተከራይ በየቀኑ ማየት ግን ይከብደዋል። በዚህ በር ባለፉ ቁጥር ያንን መጋረጃ ሊያዩ ነው። ዛሬ ውሉን አደሱ፤ ነገ ለምን እንዳደሱት ያስቡና ይጠሉኛል። ሳይጠሉኝ ልሂድ።»

ለመስከረም ሁለት ቀን ሲቀረው ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ እህቱ፣ ወደ ሳንሱሲ ሄደ። ወንበሩንና መስተዋቱን፣ ሳጥኑንም ትቶ ነው የሄደው። አቶ አስናቀ ከፎቁ በረንዳ ላይ ቆመው ሲጫን አዩ። አልወረዱም።

እዚያ አንድ ሁለቴ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። በረንዳ ላይ በመቀስ የሰፈር ሰው ፀጉር ይቆርጥ ነበር። ሥራው ቀንሷል፤ ፊቱም ከስቷል። ተረት አያወራም። ፍንጣሪ የት እንደገባ ስጠይቀው ማበጠሪያውን እፍ ብሎ፣ «አንተ ንገረኝ፣ የኔታ» አለኝ። ልጄ ሰላም አድጋ አሁን እየተከራከረችኝ ነው። ድምፄን ላነሳባት ስል ያ መጋረጃ ይታየኛል። ሁልጊዜ መታገስ አይሳካልኝም፤ ግን ይታየኛል። አባት መሆን መብራትም መያዝ ነው፣ ጥላም መሆን ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

ወሬውን በሰማሁበት ቀን፣ ሲመሽ ወደ አቶ አስናቀ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜአለሁ። ስነግራቸው ተቀምጠው ነበር፤ ተቀምጠው ቀሩ።

«ተቀበረ?»

«ተቀብሯል።»

«እኔ ሳልሰማ።»

«ማናችንም አልሰማንም ጋሽ አስናቀ።»

ተነስተው ወረዱ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው የፀጉር ቤቱን በር ከፈቱ። አቧራው እንዳለ ነው። ሳጥኑ ተገልብጦ ወንበሩ አጠገብ ተቀምጧል። አምፖሉን ሳበራው ሠራ። አቶ አስናቀ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና መስተዋቱን በእጃቸው ጠረጉት።

«አጥፋው» አሉኝ።

አጠፋሁት። ማዶ ቁርስ ቤቱ በርቶ ነበር።

«መጋረጃውንም።»

ፈትቼ ለቀቅሁት። መደርደሪያው ላይ የቀረች የሻማ ቁራጭ አገኘሁና ለኮስኳት። በእጄ ይዤ ከጎናቸው ቆምኩ፤ ሌላ የት እንደሚቆም አላውቅም ነበር።

«አንተ እሱ ጋ ትሄድ ነበር» አሉ። «ፍንጣሪ የት ገባ?»

አልነገረኝም ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱ እሱ ነው። ግን በመስተዋቱ ውስጥ ሲያዩኝ አላስቻለኝም። በሕይወቴ ተረት ጀምሬ አላውቅም።

«ፍንጣሪ በሩን ዘግቶ ሲወጣ» አልኩ፣ «ውጭው ጨለማ ነበር። በጨለማ ደግሞ ማንም ጥላ የለውም።»

ከዚያ በላይ አልመጣልኝም። ሻማው እጄ ላይ ይርገበገባል። የአቶ አስናቀ ጥላ ግድግዳው ላይ እንደ ፈሪ ሰው ይርበተበታል፤ እሳቸውም ያዩታል።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ አስናቀ።»

«ግድ የለም» አሉ። «ቀጥል።»